የአባቴ ፔጆ ትፈታ ወይስ እንዳለች ትሸጥ?

ከጋራዡ ደጃፍ፦ አንባቢያን ይጠይቃሉ፣ የድሬው መካኒክ ይመልሳል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከሐረር ነው፤ ቤታችን ከሸዋ በር ብዙ አይርቅም። አባታችን ዕድሜውን የፈጀው በታክሲ ሥራ ነበር። ሲሞት አንድ ፔጆ 404 ትቶልናል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አራቱም ጎማ ተንፍሷል። የኋላው ወንበር ላይ ድመት ወልዳለች። እናቴ "ግቢዬን አጽዱልኝ" ትላለች። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ካለ የመለዋወጫ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ፣ ሰውዬው ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለዲፈረንሻሉ 80 ሺህ ብር እከፍላለሁ ብሏል። "ቀሪውን ቁራሌው ያነሳዋል፤ እሱም ትርፍ ነው" ይላል ወንድሜ። በሌላ በኩል የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ አንድ አዛውንት እንዳለች በ110 ሺህ ብር ልውሰዳት ብለዋል። ክፍያው ግን በሁለት ጊዜ ነው። ሊብሬው እስካሁን በአባቴ ስም ነው። ቦሎ ከለጠፈች ዓመታት አልፈዋል። ምን ይመክሩናል? ትፈታ?

መምህርት ነኝ፣ ከሐረር

መልስ

እህቴ፣ በድሬ ወግ አንቺ ልበልሽ። አንቱታ እዚህ ሙቀት ውስጥ አይመችም።

ካንዴላዋ (ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ወጥቶ ሞተሩ ሳይታይ ማንም መፍቻ ይዞ እንዳይጠጋት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አዲስ አበባው ሰውዬ እናውራ።

ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ማር ማሩን ነው የመረጠው። ከሦስቱ ዕቃዎች ደግሞ ዓይኑ ያረፈው ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዕቃ) ላይ ይመስለኛል። የ404 ዲፈረንሻል ዛሬ እንደምናያቸው መኪኖች አይደለም። ውስጡ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ የሚያሽከረክረው ትልቁ ጥርስ ደግሞ ነሐስ ነው። የቶዮታ አይገጥምበትም፣ የላዳ አይገጥምበትም። ነሐሱ የተበላበት ባለ ፔጆ ከሌላ አሮጌ ፔጆ ካላገኘ መኪናው ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በግምት ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ነጋዴው 80 ሺህ ያለው ገዢውን ጠርቶ፣ ዋጋውን ተነጋግሮ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ወንድምሽ መጀመሪያ ያንን ያጣራ። የዲፈረንሻሉን የታችኛውን ቡሎን ላላ አድርጎ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥብ። ጨርቁን ፀሐይ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ እዩት። ወርቅማ ብናኝ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ካለ ያለ ነው፤ አሮጌ ፔጆ ሁሉ እንዲያ ነው። ጨርቁን ቀለም እስኪቀባው ድረስ ከበዛ ግን ነሐሱ ወደ ማለቂያው ነው። ዘይቱን በሁለት ጣትሽ መሃል እሺው። አሸዋ አሸዋ ካለሽ ደግ አይደለም። አባትሽ ተሳፋሪ ጭኖ ድሬ ይወርድ ከነበረ ሲመለስ ደንገጎን ወጥቷል ማለት ነው። ያ ዳገት ደግሞ ለነሐስ አይራራም።

አሁን ወደ ገበያው። የ404 ዕቃ የሚገዛው ማነው? አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ብትወርጂ የቶዮታ ዕቃ እንደ ጉድ ነው። የ404 ዕቃ የሚፈልገው ሰው ያለው ግን እዚያው እናንተ ከተማ ነው። መኪናዋ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራችው በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1975 ነው። ሌላው ከተማ ረስቷት ሐረር ላይ ግን ታክሲ ሆና ስንት ዘመን ኖረች። ባጃጅ ሲመጣ ሥራዋን ወሰደባት። ዛሬም የሚሠሩ አሉ፤ ግን እንደ ድሮው አይደሉም።

ወንድምሽ ያላሰበው ነገር ይኸውልሽ። አንድ 404 በተፈታች ቁጥር ገበያው ላይ ዕቃ ይጨምራል። ዕቃውን የሚበላው መኪና ግን በአንድ ይቀንሳል። የቪትዝ በር ዛሬ ባይሸጥ ለከርሞ ይሸጣል። የ404 በር ለከርሞ ገዢው ማን እንደሚሆን አላውቅልህም በይው። የሚሸጠው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሸጣል። የተረፈው እናትሽ ግቢ ይቀመጣል።

እሱንም እናንሳው፣ የእናትሽን ግቢ። "ቀሪውን ቁራሌው ያነሳዋል" የሚለው ነገር አሳቀኝ። ቁራሌው የሚያነሳው ጀሪካንና የተበሳ ድስት ነው። 404 ቤቷ ራሱ ነው ሻንሲዋ (የሚሸከማት የብረት አጽም)፤ ለብቻው የሚነሳ ሻንሲ የላትም። ሞተሩንና ዲፈረንሻሉ ያለበትን የኋላ እግር ስታወጪላት መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ አትገፋም፣ አትጎተትም። ያኔ ወይ በክሬን ትነሳለች፣ ወይ እዚያው በኦክሲጅን ትቆራረጣለች። ለክሬኑ ትከፍያለሽ። ለቆራጩ ትከፍያለሽ። ብረት ገዢው ደግሞ ይህን ያውቃል። ዋጋ የሚጠራው የግቢሽን ሁኔታ አይቶ ነው። መንገዱ ጠበብ ያለ ከሆነማ ተይው። ያ ሁሉ ሲሆን እናትሽ ያገኘችው የጸዳ ግቢ ሳይሆን የመስታወት ስብርባሪ፣ ዘይት የጠጣ አፈርና አንድ ጣሪያ ነው። ድመቷም ሌላ ቤት መፈለጓ ነው።

ስለዚህ 80 ሺህ 80 ሺህ አይደለም። ለፈቺ፣ ለቆራጭና ለጫኝ ቀንሺለት። 110 ሺህ ግን ሽማግሌው ራሳቸው ጎትተው የሚወስዷት ከሆነ ሙሉ 110 ሺህ ነው። ያውም ሞተሩ ይዞር አይዞር ሳይታወቅ የተጠራ ዋጋ ነው! ካንዴላውን ያነሳሁት ለዚህ ነው።

የ404 ሞተር ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሟል። ካንዴላዎቹ ያሉት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ረጅም ቁልፍ ካልያዛችሁ አትደርሱባቸውም። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጉድጓድ በአየር ንፉት፤ ኮምፕሬሰር ባይኖር የብስክሌት መንፊያም ይሠራል። ይህን የዘለለ ሰው የስንት ዓመት አቧራ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ካንዴላው ይውጣ። በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በማግስቱ በባትሪ አታስነሱ! በእጅ ነው የሚዞረው። 404 የማንቬላ (ሞተር በእጅ የሚዞርበት ብረት) ቀዳዳ አላት፤ ማንቬላው የኋላ ኮፈን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከሌለ ጎማውን ነፍታችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዟት። እንቢ ካለች በጉልበት አይደለም፤ ዘይት ጨምሩና አንድ ቀን ደግሞ አሳድሯት።

ከዞረች ጨዋታው ተቀየረ። ሽማግሌውን ጥሪያቸውና ሞተሯን ዓይናቸው እያየ አዙሪላቸው። የሚዞር ሞተር ያላት 404 ዋጋዋ ሌላ ነው፤ እሳቸውም ያውቁታል። ካልዞረችም ሞተች ማለት አይደለም። በዚህ ሞተር ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ከብሎኩ ተነጥሎ ይወጣል። ብሎኩን ለማስሞረድ ሬክቲፊካ ቤት ሳይወስዱ ቱቦና ፒስተን ቀይሮ የሚያስነሳት ጎበዝ ሐረር ውስጥ አይጠፋም። ቴስታታው ግን አልሙኒየም ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ የተኛ ውሃ ከነበረ ቴስታታውን በልቶት ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ውሃው ቡና መስሎ ከወጣ ለገዢው ንገሩት፤ ደብቃችሁ አትሽጡ።

ወንድምሽ ልክ የሚሆንበት መንገድ ደግሞ አለ። ፍርዱ ከላሜራው ነው። አንድ ካቻቢቴ ያዙና በሮቹ ሥር ያለውን ብረት፣ የእግር ማሳረፊያውን ምንጣፍ ገልጣችሁ ወለሉን፣ የኋላ ኮፈኑንም ወለል ውጉት። ቀለሙ ብቻ ከተቧጨረ ጥሩ። ካቻቢቴው ብስኩት እንደሚወጋ ከገባ ግን መኪናዋን የተሸከማት ብረት አልቋል። እንዲህ ያለችውን ጠጋግኖ መንገድ ላይ ማውጣት ነፍስ ማጥፋት ነው። ያኔ ትፈታ። እስከዚያው ሸራውን ዛሬውኑ አንሱት። ከዝናብ ያዳናት ይመስላል እንጂ እርጥበቱን አፍኖ የሚያበሰብሳት እሱ ነው።

ስለ ወረቀቱ። የዕቃው ነገር ቢያስቸግር ገንዘብ ነው የሚጠፋው፤ ወረቀቱ ሲበላሽ ግን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። መኪናዋ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከነበረች ግማሹ የእናትሽ ነው። ቀሪው የወራሾች ነው። ወንድምሽ ብቻውን "ሸጫለሁ" ማለት አይችልም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። ሙስሊም ከሆናችሁና ሁላችሁም ከተስማማችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ያየዋል። ከዚያ ለአንዳችሁ ውክልና ስጡና ሽያጩ ውልና ማስረጃ ይጻፍ። የቦሎውን ውዝፍ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ። የሁለት ጊዜ ክፍያው እኔን አያስፈራኝም፤ ሽማግሌው የአባትሽ ባልደረባ ናቸው። ሆኖም ቀኑና መጠኑ ይጻፍ። የስም ዝውውሩ ደግሞ የመጨረሻው ብር ሲገባ ይሁን። ጓደኝነትን የሚያቆየው እንዲህ ያለው ወረቀት ነው።

ፈትታችሁ ከሸጣችሁም ከወረቀት አታመልጡም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ሞተሩን ስትሸጡ ቁጥሩን፣ የገዢውን ሙሉ ስምና መታወቂያ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ነገ ያ ሞተር በሌላ መኪና ላይ ሲገኝ ጥያቄው የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ቤት ነው። ሰሌዳውንና ሊብሬውን ለትራንስፖርት ቢሮ መልሳችሁ ምዝገባውን አሰርዙ። ከማሰረዛችሁ በፊት ግን ደግማችሁ አስቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። በእኔ ዓይን ከዚያ ወዲህ ሰሌዳና ንጹሕ ሊብሬ ያላት መኪና፣ አሮጌም ብትሆን፣ እንዲሁ የምትጣል አይደለችም።

የግድ የምትፈታ ከሆነ ደግሞ ለአዲስ አበባው ሰውዬ ሦስቱን ዕቃ ብቻ አትስጡት። መጀመሪያ የፊት መስታወቱ፣ መብራቶቹ፣ ፍርግርጉ፣ ካርቡራተሩ፣ ሞተሪኖው፣ የበር እጀታዎቹ ለሐረር ሾፌሮች ይታዩ። ፈረስ መጋላ ሄዳችሁ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ወሬው ቀኑን አይፈጅም፣ ሁሉም ጋ ይደርሳል። በተለይ የፊት መስታወት ተሰብሮበት በላስቲክ የሚነዳ ሰው ካለ በሩጫ ይመጣል። ሦስቱ ትልልቅ ዕቃዎች የመጨረሻ ይሁኑ፤ "ቤቷንም ጭነህ ውሰድ" ብላችሁ ከነሱ ጋር እሰሯት። ማሩን የፈለገ ቀፎውንም ይሸከም። ቡሎኖቹን በየጣሳው ለዩ፤ ያለ ቡሎኑ የሚሸጥ ዕቃ ሁሌ ዋጋው ይወርዳል። የሚፈታው ልጅ ጠዋት ይሥራ። እዚህም እዚያም ከምሳ በኋላ የተፈታ ዕቃ ቡሎኑ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔ ብሆን? ሞተሯን አዙሬ፣ ላሜራዋን ወግቼ፣ ደህና ከሆነች ለሽማግሌው እሸጥላቸዋለሁ። መጀመሪያ ዋጋቸውን ትንሽ ከፍ አስደርጌ ነው ታዲያ። ወንድምሽ ከተቀየመ ይህን መልስ አንብቢለት። አሁንም ካልተስማማ ካቻቢቴውን እሱ ይያዝ፣ እሱ ይውጋ።

ጥያቄ

አቦ፣ እንዴት ነህ? የእኔ ዲኤክስ ኮሮላ ደንገጎ ላይ ተገልብጣ ጣሪያዋ ገብቷል። እኔ ተርፌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሞተሯ ይነሳል። አንዱ ጋራዥ ጣሪያውን አቃናዋለሁ ይላል፤ የጠራው ዋጋ ግን ከመኪናዋ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። አንድ ደላላ ደግሞ "ሊብሬውንና ሰሌዳውን ለብቻው ልግዛህ፣ ዕቃውን ራስህ ሽጥ" አለኝ። ምን ላድርግ?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

መልስ

እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። ፍታት። ለሐረሯ እህታችን "አይሆንም" ብዬ ላንተ "ፍታት" ማለቴ አይግረምህ። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎች አንዴ ከታጠፉ ቀጥ ብለው ቢቃኑም ያው አይሆኑም። ሁለተኛ ብትገለበጥ አይይዙህም። የዲኤክስ ዕቃ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ በሮቹ ደህና ከሆኑ እነሱም፣ ኮፈኑ፣ የኋላ እግሩ፣ ሁሉም ይሄዳል። ሞተሩ ሲሠራ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው፤ ከወጣ በኋላ "ይነሳል" ብትል የሚያምንህ የለም። ኢንሹራንስ ካለህ ግን እነሱ ሳያዩት አንድ ቡሎን እንዳትነካ።

ደላላውን ከደጅህ አባርረው። ሊብሬ ዕቃ አይደለም፤ ለብቻው አይሸጥም። ሊብሬና ሰሌዳ ለብቻው የሚፈልግ ሰው ወረቀት የሌላት መኪና አንድ ቦታ አቁሟል። ያቺ መኪና ሰው ብትገጭ ወይም ሌባ ብትጭን ፖሊስ የሚያንኳኳው ያንተን በር ነው። ጨርሰህ ስትፈታ ሁለቱንም ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድና አስረክብ፤ የተረከቡበትን ወረቀትም ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ

ግቢያችን ውስጥ አሮጌ መኪና እየፈታን ነው። የወጣውን ዘይትና ባትሪውን የት እናድርገው?

ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ

መልስ

ደቻቱ አሸዋ ላይ የሚደፋ ሰው አይቻለሁ፤ እናንተ እንዳትሆኑ። ወንዙ ደረቅ ቢመስልም የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ከምድሩ ሥር ነው የሚወጣው። የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት አንድ ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ ሰብስቡ። የፍሬን ዘይት አትቀላቅሉበት፤ እሱ ለብቻው ይቀመጥ። የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ አለ። አንዳንዱም የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ለመቀባት ይፈልገዋል። ቤንዚኑን መኪናው ሳይቆረጥ በፊት ከነዳጅ መያዣው፣ ከሳልባትዮው ጨርሳችሁ ቅዱ፤ ባዶ ሳልባትዮም ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ይፈነዳልና አውጥታችሁ አርቁት እንጂ ኦክሲጅን አታስጠጉት። ባትሪው ውስጥ እርሳስ ስላለ በክብደት ይሸጣል። አሲዱን ግን አትድፉ፤ ከነአሲዱ፣ ቀና እንዳለ ስጡት። ልጆች ካሉ ከነሱ አርቃችሁ አስቀምጡት።